ኮንቴይነሩ ተነስቷል፣ ብሮውዘሩ ግን አይከፍትም

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አንድ ትንሽ የፍላስክ (በፓይተን የዌብ አፕ መስሪያ) አፕ በዶከር (አፕን ኮንቴይነር በሚባል ለብቻው በተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሳሪያ) አስነሳሁ። ሎጉ (አፑ ሲነሳ የሚያወጣው ጽሑፍ) 127.0.0.1:5000 ላይ እየሰራ ነው ይላል፣ ፖርቱንም (የግንኙነት በሩን ቁጥር) 8080:5000 ብዬ አገናኝቻለሁ፣ ብሮውዘሩ ግን እምቢ አለኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መልሱ እዛው ሎጉ ላይ አለልህ። 127.0.0.1 ማለት ኮንቴይነሩ ለራሱ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከውጭ የመጣ አይደርሰውም። ከውጭ የመጣውንም እንዲሰማ አፑን በ0.0.0.0 አስነሳው።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው። ብሮውዘር ላይ የምትከፍተው ግን የግራውን፣ 8080ን ነው፤ የቀኙ የኮንቴይነሩ ነው። ደግሞ ዶከርፋይሉ (ኮንቴይነሩ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ መጀመሪያ የላይብረሪዎቹን (አፑ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ ኮዶች) ዝርዝር ብቻ ኮፒ አድርገህ ጫን፣ ኮዱን ከዛ በኋላ አስገባ፤ አለዚያ አንዲት መስመር በነካህ ቁጥር ሁሉንም እንደ አዲስ እስኪጭን ስትጠብቅ ትውላለህ።

ጠያቂው፦ በ0.0.0.0 ተከፈተ! ተባረኩ።