የሙዚቃ ሸክላ ስቆርጥ ቀጫጭኑ ቦታ ይሰበርብኛል

ከአሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ምስል እየቆረጥኩ ፍሬም ውስጥ አስገባለሁ። የምጠቀመው 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን፣ ተጫጭረው የማይሰሙትን ነው። ገና የሚዘፍን ሸክላ ለጌጥ ብሎ መቁረጥ ያሳዝነኛል።

አሁን የያዝኩት ጊታር የምትጫወት ሴት ምስል ነው። መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ከጀርባዋ እንደ ፀሐይ እንዲታይ እፈልጋለሁ። ትልልቁ መስመር በቀጭን የእጅ መጋዝ ቆንጆ ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ጣቶቿና የጊታሩ አንገት ላይ ነው። ስፋታቸው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መጋዙ እዚያ ሲደርስ ሸክላው ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ፈጠን ስል ደግሞ ፕላስቲኩ ይሞቅና ይቀልጣል፤ ፍርፋሪውም የመጋዙን ጥርስ ይደፍናል።

በሙቅ ውሃ አለስልሼ በስለታም ምላጭ ሞከርኩ። መቆረጡን ተቆረጠ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ተጣመመና ከፍሬሙ መስታወት ስር አልተኛ አለኝ። ሁለቱንም ገጽ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኖ መቁረጥ ትንሽ ረድቷል። ጣቶቹን ግን አላዳነም።

በሌዘር ማሽን መቁረጥ አልፈልግም። ሸክላው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። በእጅ መሥራቱንም እወደዋለሁ።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለውን ቀጭን ቦታ ሳይሰነጠቅና ሳይቀልጥ ለማውጣት ምን ዓይነት የመጋዝ ምላጭ ትጠቀማላችሁ?