ከቦ በኋላ ምን እንጫወት? የጃፓን ተረት ያለባቸው ጌሞች ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ተቀራራቢ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ዝላይ ያለበት፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ደም የማይበዛበት ጌም ጠቁመን» ነው ነገሩ። አንዱ ላፕቶፑ አሮጌ ነው። አንዷ ስዊች የሚባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ አላት፤ ቦ የሚባለውን ጌም ጨርሳ ሌላ ፈልጋለች። ሦስተኛው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። የሰባት ዓመት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ መጫወት ይፈልጋል። ለሦስቱም ያልኩትን ሰብስቤ እዚህ ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የምመርጥበትን መንገድ ቀድሜ ልናገር። የጃፓን ተረት አለበት የሚባል ጌም ብዙ ነው። ቀይ የመቅደስ በር፣ የቼሪ አበባ፣ የቀበሮ ጭንብል ይደረድሩና ውስጡ ግን የትም የምታውቁት ጌም ይሆናል። እኔ የማየው ተረቱ እጃችን ላይ መውረዱን ነው። ቁልፉን ስጫን የምሠራው ነገር ራሱ ከተረቱ የመጣ ከሆነ ያ ጌም ይያዛል።

ቦ ላይ ልጀምር። ሙሉ ስሙ «ቦ፦ ፓዝ ኦፍ ዘ ቲል ሎተስ» ነው። ስኩዊድ ሾክ ስቱዲዮስ የሚባል ትንሽ ቡድን ሠርቶት በሐምሌ 2024 ወጣ። ቦ ከሰማይ የወደቀ አበባ ነው፤ መልኩ ትንሽ ነጭ ቀበሮ ይመስላል። ቃሉ በጃፓንኛ በትር ማለት ነው፤ መሣሪያውም በትር ነው።

የጌሙ ልብ ዝላዩ ነው። ብዙ ጌም ላይ ሁለት ጊዜ ከዘለላችሁ በኋላ መሬት መንካት ግድ ነው። እዚህ አየር ላይ እያላችሁ አንድ ነገር በበትሩ ከመታችሁ ዝላዩ ይመለስላችኋል። መታ፣ ዘለለ፣ መታ፣ ዘለለ። እግሩ መሬት ሳይነካ ገደሉን ያቋርጣል። እስኪለመድ ያስቸግራል፤ እኔን ሁለት ምሽት ወስዶብኛል። አንዴ ከገባ ግን እንደ እስክስታ ነው፤ ሳታስቡት ትከሻው ራሱ ይሄዳል።

ሌላው የወደድኩለት አጋዦቹን ነው። ዳሩማ የሚባሉ ክብ አሻንጉሊቶች በውጊያ ላይ ይረዷችኋል። ዳሩማ ጃፓን ውስጥ በእውነት ያለ ነገር ነው። ዓይኑ ሳይሳል ይሸጣል። ሰው ስለት ሲሳል አንዱን ዓይን ይቀባል፤ ስለቱ ሲሰምር ሌላውን ይጨምርለታል። ከዚያ ኦማሞሪ አለ፤ ከመቅደስ የሚወሰድ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው፤ ለኛ ክታብ ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም። በጌሙ ውስጥ ክታቦቹን እየቀያየራችሁ አቅማችሁን ትለውጣላችሁ። ሲቆስል ደግሞ ቦ የሚድነው ሻይ ጠጥቶ ነው። ይቺን ሳይ ደስ ብሎኛል።

ሆሎው ናይት የሚባለውን ጌም የተጫወተ ሰው አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል። ሰፊ ካርታ፣ አዲስ ችሎታ ስታገኙ የሚከፈት መንገድ፣ መመላለስ። ወዴት እንደምትሄዱ ብዙ አይነግራችሁም። ይህ የሚወደድለት ሰው አለ፤ የሚሰለቸውም አለ። ስዊች ያላት ጓደኛዬ ከውጊያው ይልቅ የዝላይ ክፍሎቹ እንደፈተኗት ነገረችኝ፤ እኔም እስማማለሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ አይሆንም። ለእኔ ግን ከዝርዝሩ ንጹሕ የዝላይ ጌም ይህ ነው።

አሁን ወደ ልቤ የቀረበው ልምጣ። «ሳኩና፦ ኦፍ ራይስ ኤንድ ሩዊን» በኅዳር 2020 ወጣ። የሠራው ኤደልቫይስ የሚባል በጣም ትንሽ የጃፓን ቡድን ነው። ሳኩና የመከር አምላክ ናት፤ ቀበጥ ናት፣ ሥራ አትወድም። ጥፋት ታጠፋና አጋንንት ወደሞሉበት ደሴት ትባረራለች። እዚያ ከተሰደዱ ሰዎች ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ትኖራለች።

ጌሙ ግማሹ ዝላይና ውጊያ ነው፣ ግማሹ እርሻ ነው። ሁለቱን ያገናኙበት መንገድ ነው የገረመኝ። በሌላ ጌም ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ትጠነክራላችሁ። ሳኩና የምትጠነክረው ባመረተችው ሩዝ ነው። ማሳችሁን ችላ ካላችሁ ደሴቱ ላይ የትም አትደርሱም። ስለዚህ ማረስ አለባችሁ። ዘር በጨው ውኃ ትመርጣላችሁ፤ የሚንሳፈፈው ፍሬ የለውም። ችግኙን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አንድ በአንድ ትተክላላችሁ። ውኃውን በየደረጃው ከፍና ዝቅ ታደርጋላችሁ። ታርማላችሁ፣ ታጭዳላችሁ፣ እንጨት ላይ ሰቅላችሁ ታደርቃላችሁ፣ ትወቃላችሁ። መጨረሻ ላይ ሙቀጫና ዘነዘና አለ። ምን ያህል እንደምትፈትጉት እንኳ ለውጥ ያመጣል፤ ነጭ ሩዝና ቡናማ ሩዝ የሚሰጡት አቅም ይለያያል።

ጌሙ ሲወጣ ጃፓን ውስጥ የሆነውን ብዙ ሰው ሰምቶታል። ተጫዋቾች ምርታቸው ሲያንስባቸው የጃፓን ግብርና ሚኒስቴርን ድረ ገጽ መክፈት ጀመሩ። ለገበሬ የተጻፈው ምክር ለጌሙ ሠራ። ሠሪዎቹ እርሻውን ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሠሩት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

ወረታ ያደገ ጓደኛ አለኝ። ጌም ብዙም አይወድም። ሳኩናን አሳየሁትና ሦስት ሰዓት ሳይነሣ ቆየ። ፎገራ ሩዝ ነው፤ እንጀራውም ሩዝ ይገባበታል። የፎገራው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ወረታ ነው፤ የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካም ሥራውን ይደግፋል። «እኛ ጋ አብዛኛው ሰው ይዘራዋል እንጂ ችግኝ አይተክልም» አለኝ። አረሙ ላይ ሲደርስ ግን ዝም ብሎ ሲነቅል ቆየ። «ይሄን ያውቁታል» አለ። ውጊያውን እኔ ነበርኩ የምጫወትለት።

ስለ ውጊያው ካነሣን፣ ሳኩና ትከሻዋ ላይ ረዥም ስካርፍ አላት፤ ሃጎሮሞ ይባላል። ወርውራ ጣሪያ ትይዛለች፣ ጠላት ጀርባ ትገባለች። ሃጎሮሞ የታወቀ ተረት ነው። ከሰማይ የወረደች ሴት ልብሷን ዛፍ ላይ ሰቅላ ስትታጠብ ዓሣ አጥማጅ ያገኘዋል፤ ያለ ልብሱ መብረር አትችልም። በጌሙ ይህ ልብስ ዝላያችሁ ነው። እጅ ላይ የወረደ ተረት ያልኩት እንዲህ ያለውን ነው።

ማታ ማታ ሁሉም ተሰብስበው እራት ይበላሉ። የበላችሁት ለነገ ውጊያ አቅም ይሰጣል። የእራት ወጋቸውን ግን ብዙ አታፍጥኑት፤ ጥሩ ነው። መጀመሪያው ዝግ ይላል፤ እርሻ የማይወድ ሰው የሁለተኛው ዓመት መከር ሳይደርስ ሊተወው ይችላል። እስከዚያ ታገሡ።

ለአክስቴ ልጅ የጠቆምኩት «ባኬሩ»ን ነው። የሠራው ጉድ ፊል ነው፤ ጃፓን ውስጥ በ2023 መጨረሻ፣ ለሌላው ዓለም በመስከረም 2024 ወጣ። ከሠሪዎቹ መካከል ድሮ ኮናሚ የሚባለውን የጃፓን ኩባንያ «ጎኤሞን» ጌሞች የሠሩ ሰዎች አሉበት። ጎኤሞንን በሱፐር ኒንቴንዶ የተጫወተ ሰው ወዲያው ይሸተዋል።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ታኑኪ ነው። ታኑኪ ጃፓን ውስጥ በእውነት የሚኖር፣ በውሻና በቀበሮ መካከል ያለ የሚመስል እንስሳ ነው። በተረቱ መልኩን ይለውጣል፣ ሰውን ያታልላል፣ ሆዱን እንደ ከበሮ ይመታል። እኛ ጋ ሰው ማታ ጅብ ይሆናል እንደሚባለው ነው፤ ግን ታኑኪ አያስፈራም፣ ያስቃል። ስሙ ባኬሩ ራሱ መልክ መለወጥ ማለት ነው። መሣሪያው የከበሮ መምቻ ነው። የግራው ቁልፍ የግራ እጁን፣ የቀኙ ቁልፍ የቀኝ እጁን ያንቀሳቅሳል። ልጅ ወዲያው ይገባታል። ጃፓንን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ በየአካባቢው መታሰቢያ ዕቃ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስለ ቦታው አንድ ነገር ይነግራችኋል።

ቀላል ነው። ለለመደ ተጫዋች በጣም ቀላል ሊሆንበት ይችላል፤ ደረጃዎቹም ብዙ ስለሆኑ አንድ ቀን ተቀምጦ ለመጨረስ አይመችም። ማታ ከእራት በፊት አንድ ሁለት ደረጃ ተጫውቶ ማቆም ነው የሚያምርበት። የአክስቴ ልጅም እንደዚያ እየተጫወቱት እንደሆነ ነገረኝ።

«ኦካሚ» የት አለ የምትሉኝ አላችሁ። እሱ በትክክል የዝላይ ጌም አይደለም፤ ጀብዱ ነው። ግን ስለ ጃፓን ተረት እያወራሁ ኦካሚን ካለፍኩ በደል ነው። ክሎቨር ስቱዲዮ ሠርቶት በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 ወጣ። ተቺዎች አወደሱት፤ ገበያው ግን ደካማ ነበር፤ ስቱዲዮውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የተሻሻለው ኦካሚ ኤችዲ አሁን በኮምፒዩተር፣ በፕሌይስቴሽን 4፣ በኤክስቦክስና በስዊች አለ። በታኅሣሥ 2024 ተከታዩ እየተሠራ መሆኑ ተነገረ፤ የመጀመሪያውን የመራው ሂዴኪ ካሚያ ተመልሷል። ስለዚህ አሁን መጫወት ጊዜው ነው።

እናንተ አማተራሱ ናችሁ፤ የፀሐይ አምላክ፣ በነጭ ተኩላ መልክ። ቃሉ ኦካሚ ተኩላ ማለትም ታላቅ አምላክ ማለትም ይሆናል። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ዓለሙ ይቆማል፣ ስክሪኑ ወረቀት ይሆናል፣ በብሩሽ ትስሉበታላችሁ። ሰማይ ላይ ክብ ከሳላችሁ ፀሐይ ይወጣል። ጠላት ላይ መስመር ከሳባችሁ ይቆረጣል። የደረቀ ዛፍ ዙሪያውን ከሳላችሁ ያብባል። የሞተ መስክ አበባ እየለበሰ ሲሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተመለከትኩ።

ከዚያ ኦሮቺ አለ፤ ስምንት ራስ ያለው ዘንዶ። ታሪኩ በ712 በተጻፈው ኮጂኪ ውስጥ ይገኛል። ዘንዶው በየዓመቱ ሴት ልጅ ይበላል። ሱሳኖ የሚባለው አምላክ ስምንት ጋን መጠጥ ያዘጋጅለታል፣ ዘንዶው ጠጥቶ ይሰክራል፣ ከዚያ ይገደላል። በጌሙም ስምንቱን ራሶች የምታሸንፉት መጠጥ እያጠጣችሁ ነው። ይህን ስጫወት የአክሱሙ አርዌ ትዝ አለኝ። እሱም ግብር የሚበላ ዘንዶ ነው፤ የገደለውም አንጋቦ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶት ነው። ያንን ታሪክ በተከታታይ ክፈፎች ተሥሎ ቱሪስት ሱቅ ውስጥ ያላየ ያለ አይመስለኝም። በጉልበት የማይቻለውን በሆዱ በኩል ማሸነፍ! ሁለት በጣም የተራራቁ አገሮች አንድ ብልሃት አስበዋል። እዚያ ውጊያ ላይ የደስታ ስሜቴ ለየት ያለ ነበር።

የኦካሚ መክፈቻ ረዥም ነው፤ ብዙ ጽሑፍ ታነባላችሁ። ጌሙም በጣም ረዥም ነው። የእረፍት ጊዜ ላለው ሰው ነው የምለው።

በአጭሩ የማልፋቸው ሁለት አሉ። የቫኒላዌሩ «ሙራማሳ» በ2009 ለዊ፣ በኋላም ለፕሌይስቴሽን ቪታ ወጣ። ሥዕሉ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ፤ 108 ሰይፍ ይሰበሰባል፤ ምግቡ እንኳ ሲሣል ያስርባል። ግን በኮምፒዩተር የለም፤ ኮንሶሉ ያለው ሰው ብቻ ይፈልገው። «ጌትሱፉማደን፦ አንዳይንግ ሙን» ደግሞ ውጊያው ከባድ ነው፣ ስትሞቱ ከመጀመሪያ ትጀምራላችሁ፤ መልኩ እንደ ድሮ የጃፓን የእንጨት ሕትመት ነው። ጨለም ያለ ስለሆነ ለጠየቁኝ ሦስት ሰዎች አልመከርኩትም።

ስለ ግዢ። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ወንድማችን ይህን ልብ ይበል፤ ስቲም በሚባለው የኮምፒዩተር ጌም መሸጫ ላይ የተገዛ ጌም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘቡ ይመለሳል። ስለዚህ ገዝታችሁ ላፕቶፑ መቻሉን መጀመሪያው ሰዓት ላይ አረጋግጡ። ቅናሽ በየወቅቱ ይኖራል፤ የምትፈልጉትን ዊሽሊስት (የምኞት ዝርዝር) ውስጥ ካስገባችሁት ሲቀንስ ኢሜይል ይደርሳችኋል። ውጭ ያለ ዘመድ የስቲም ዲጂታል ጊፍት ካርድ ሊልክላችሁ ከፈለገ ቀድማችሁ ስቲም ላይ ጓደኛ ሁኑ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ነው መላክ የሚቻለው። በዓል ሲደርስ በመጨረሻው ቀን አትሩጡ።

ላፕቶፕ ላለው ቦን፣ ስዊች ላላት ሳኩናን፣ ለአክስቴ ልጅ ባኬሩን ብያለሁ። ቦን በኪቦርድ መጫወት ይቻላል፤ ግን ያ መታ፣ ዘለለ የሚለው ነገር አውራ ጣት ይፈልጋል። ጆይስቲክ የሌላችሁ ለሁለት ሳምንት ከጓደኛ ተዋሱ።