የስኮርፒየስ ኤክስ-1 የጋራ ምልከታ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ የሚቋጭ

ጸሐፊው፦ ረቂቁ እስከ ዓርብ ካልገባ የድጋፍ ገንዘቡ ያመልጠናል። ሐሳቡ ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በሮኬት የተገኘውን ኤክስሬይ አመንጪ ጥንድ ኮከብ ስኮርፒየስ ኤክስ-1 በቴሌስኮፓችን እየለካን፣ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ያለው የኤክስሬይ መቃኛ ማክሲ በየ90 ደቂቃው ገደማ ከሚመዘግበው ኤክስሬይ ጋር እናስተያያለን።

ገንዘብ ያዧ፦ ቴሌስኮፑ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ይተከል የሚለውን ማን አስገባው? ያለፈው ዓመት የሌሊት ባጃጅ ሒሳብ ያለ ደረሰኝ ቀርቦልኝ እስከ ዛሬ አልተወራረደም። ጣና ሐይቅ ዳር ግን በእግር ይደረሳል።

ፎቶ አንሺው፦ ሐይቁ ዳር ሌንሱ ጤዛ ይቋጥራል፤ መብራት በተለኮሰ ቁጥርም ትንኙ ይከመርበታል። ደረሰኝ ያልቀረበው ባጃጁ ደረሰኝ ስለማይሰጥ እንጂ ገንዘቡ ስለጠፋ አይደለም።

ገንዘብ ያዧ፦ ገንዘቡ ጠፋ አላልኩም፤ ያላልኩትን አይጫኑብኝ።

መምህሩ፦ ከባጃጁ በፊት ወቅቱን እንይ። ኮከቡ እኩለ ሌሊት ላይ ከፍ የሚለው በግንቦት ነው፤ ወዲያው ክረምቱ ይገባል። ከየካቲት ጀምሮ ግን ከንጋት በፊት ማየት ይቻላል።

ፎቶ አንሺው፦ በዚያ ሰዓት ደግሞ ባጃጅ ከየት ይመጣል?

የተማሪዎች ተወካይ፦ እንግዲያው ሌላውን ኤክስሬይ አመንጪ ጥንድ ኮከብ፣ ኤክስ ፐርሰይን እንያዝ። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ ከፍ ይላል፤ በሚታየው ብርሃንም ከስኮርፒየስ ኤክስ-1 ከመቶ እጥፍ በላይ ይደምቃል።

መምህሩ፦ ጥያቄው ተለወጠ እኮ! በስኮርፒየስ ኤክስ-1 ከጓደኛው ኮከብ የተሳበው ጋዝ በኒውትሮን ኮከቡ (እጅግ ጥቅጥቅ ባለው የሞተ ኮከብ ቅሪት) ዙሪያ ዲስክ ሠርቶ ወደ ውስጥ ሲወርድ ኤክስሬይ ይወጣል፤ ኤክስሬዩም ዲስኩን ሲያሞቀው የሚታየው ብርሃን ይጨምራል፤ የሁለቱን ለውጥ በ18.9 ሰዓቱ የምህዋር ዑደት ላይ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የፈለግነውም ለዚህ ነበር። በኤክስ ፐርሰይ ግን የሚታየው ብርሃን በዋናነት የሚለዋወጠው ትልቁ ኮከብ ራሱ በዙሪያው የሚሠራው የጋዝ ዲስክ ሲወፍርና ሲበተን ነው፤ ለውጡም ዓመታት ይፈጃል፤ ምህዋሩ ብቻውን 250 ቀን ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ ዓመታት ከፈጀ የባጃጁ ወጪም ዓመታት ይቆጠራል ማለት ነው። በየወሩ አንድ ሌሊት ከሆነ እፈርማለሁ።

ጸሐፊው፦ መረጃውን በኮምፒውተር አቀናጃለሁ ያለው አባል ከማክሰኞ ወዲህ ድምፁ የለም። መምህር፣ ቅሬታዎ ገብቶኛል፤ ጊዜ ግን የለንም። ኤክስ ፐርሰይ በወር አንድ ሌሊት ከቤዛዊት ይለካል፤ ስኮርፒየስ ኤክስ-1 ለሁለተኛው ዓመት ይቆያል።

መምህሩ፦ እሺ፤ የኤክስሬይ ንጽጽሩ ግን ከርዕሱ ይውጣ፤ በወር አንድ ልኬት አይሸከመውም።

ፎቶ አንሺው፦ የባጃጁ መስመር «ትራንስፖርት» ተብሎ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዧ፦ በደረሰኝ የሚወራረድ ተብሎ ይጻፍ።