«የዴዚሬ ሕፃን»ን ስንተረጉም የተቸገርንባቸው ሦስት ቦታዎች

ኮዬ ፈጬ ላለ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ቡድን የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኬት ቾፒንን አጭር ልቦለድ «የዴዚሬ ሕፃን» (1893) ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ታሪኩ በባርነት ዘመን ሉዊዚያና ውስጥ ነው፤ የእርሻ ባለቤቱ አርማንድ ሕፃናቸው የጥቁር ዘር ምልክት ሲያሳይ ጥፋቱን በሚስቱ በዴዚሬ ዘር ላይ ጥሎ ያባርራታል። በትርጉም ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱን።

ዋናው ችግር በእርሻው በባርነት የተያዘችው የላ ብላንሽ ልጅ የተጠራበት «quadroon» የሚለው ቃል ነው፤ ከአራት አያቶቹ አንዱ ብቻ ጥቁር ነው ማለት ነው። «ክልስ» ስንለው ስሌቱ ይጠፋል። ስሌቱ ከጠፋ አባቱ ነጭ ሳይሆን እንደማይቀር አንባቢ አይጠረጥርም፤ አርማንድ የሕፃኑን ለቅሶ እስከ ላ ብላንሽ ጎጆ ድረስ መስማቱም ተራ ወሬ ይሆናል። «ጠይም»ም አያስኬድም፤ እኛ ዘንድ መልክ እንጂ የዘር መዝገብ አይደለም። ግርጌ ላይ ብናብራራውስ? ፍንጩን አስቀድሞ ያፈነዳዋል ብለን ፈራን። «ባሪያ»ን ደግሞ እዚህ ዛሬም ስድብ ስለሆነ «በባርነት የተያዘች» አልነው፤ የአርማንድ ጭካኔ ግን ለዘበ። ስለ እሱ ጭካኔ በሚተረክበት ቦታ ብቻ «ባሪያ» እንዳለ ይቀመጥ ትላላችሁ?

ዴዚሬ ባሏን «አንተ» ትበለው ወይስ «እርስዎ»? እንግሊዝኛው አይለይም። «እርስዎ» የባልን የበላይነት በሰዋስው ያሳያል፤ ፍቅራቸውን ግን ከመጀመሪያው ያቀዘቅዘዋል። «አንተ» ብላ ጀምራ ሲከፋባት ወደ «እርስዎ» ብታልፍስ?

መጨረሻ ላይ የእናቱ ደብዳቤ የጥቁር ዘር ያለው አርማንድ ራሱ መሆኑን ሲገልጥ ተማሪዎች «የእጁን አገኘ!» ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ጥቁር ደም ቅጣት ሆኖ ይቀራል፤ ሚስትና ልጅን ወደ ረግረጉ የሰደደው የባል ሥልጣን ይረሳል። ያሉን ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ናቸው። ንባቡን ከደብዳቤው በፊት አቁመን ብናወያያቸው ይሻላል? ምን ብለን እንጠይቃቸው?