«ፍጹም ቁጥር» እና «ሙሉ ቁጥር» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጀማሪ፦ ሰላም ቤተሰብ! «33,550,336 ፍጹም ቁጥር ነው» የሚል ነገር አነበብኩ። ፍጹም ያው ሙሉ ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ይሄ ከሌላው በምን ተለየ?

ቀማሪ፦ አይ፣ ይለያያሉ ወንድሜ። ክፍልፋይ የሌለበት ሁሉ ሙሉ ቁጥር ነው፤ 7ም፣ 10ም። ፍጹም የሚባለው አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን ሲሰጡ ነው፤ ራሱ ሳይቆጠር ማለት ነው። 6ን ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ናቸው። ደምራቸው፣ 6 ይመጣል። ቀጥሎ 28፣ ከዚያ 496፣ ከዚያ 8,128። አምስተኛው ያነበብከው ነው። በ8,128 እና በእሱ መካከል አንድም የለም።

የቃል ወዳጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በንግግር «ሙሉ» የጎዶሎ ተቃራኒም ነው። «7 ሙሉ ቁጥር ነው» ስትለው የሚከራከርህ ሰው አይጠፋም! ለሁለት እኩል የሚከፈለውን «ተጋማሽ» ማለቱ ይሻላል፤ ግልግል ነው።

ጀማሪ፦ እሺ፣ ገባኝ። ግን ያን የሚያህል ቁጥር አካፋዮቹን ማን ለቅሞ ይደምራል?

ቀማሪ፦ መልቀም አያስፈልግም፣ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ መንገዱን አሳይቷል። 13 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዛ፣ 8,192 ታገኛለህ። 1 ቀንስ፣ 8,191። ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። አሁን በ4,096 አባዛው፣ ማለትም 12 ሁለቶች ተባዝተው በሚሰጡት፤ 33,550,336 ቁጭ!

ለምን እንደሚሠራ እይ። የ4,096 አካፋዮች 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያሉ እስከ ራሱ እጥፍ እጥፍ ይሄዳሉ። ድምራቸው 8,191 ነው። የቀሩት አካፋዮች 8,191ን በ1፣ በ2፣ በ4 እያልን እስከ 2,048 ስናባዛው የሚመጡት ናቸው። እነሱ አንድ ላይ 4,095 ጊዜ 8,191 ይሆናሉ። የመጀመሪያውን አንድ 8,191 ጨምርበት፣ 4,096 ጊዜ 8,191። አለቀ።

ብቸኛ መሆኑ ግን ግድ ነው። በ13 ፈንታ 11 ሁለቶች ብትወስድ 2,047 ላይ ትደርሳለህ፤ እሱ ደግሞ 23 በ89 ሲባዛ የሚመጣ ነው። ያልተጠሩ አካፋዮች ይገቡና ድምሩን ያፋልሱታል።

የቃል ወዳጅ፦ ጎዶሎ ሆኖ ፍጹም የሆነስ አለ?

ቀማሪ፦ እስካሁን አንድም አልተገኘም። የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ተጋማሾቹ ግን ሁሉም በዩክሊድ መንገድ የሚመጡ መሆናቸውን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር አረጋግጧል። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ፦ ከ1 እስከ 127 ያሉትን ጎዶሎ ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን እንደ 3 × 3 × 3 ሦስት ጊዜ ጽፈህ አባዝተህ ብትደምር ድምሩ ይሄው 33,550,336 ነው።

ሀ ግዕዝ፦ ዘግይቼ መጣሁ። በግዕዝ አኃዝ ልጻፈው፦ ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮። «እልፍ» ዛሬ ስፍር ቁጥር ለሌለው ነገር ቢውልም ልኩ 10,000 ነው፣ ምልክቱም ፼። ስለዚህ ንባቡ «ሠላሳ ሦስት መቶ ሃምሳ አምስት እልፍ፣ ከሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት» ይሆናል። መሃል ላይ ያለችው ዜሮ የት ገባች እንዳትሉኝ፤ የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም።

ጀማሪ፦ እልፍ ምስጋና! በልኩ ቁጠሩት 😄