ከጉማሬው ስንት ሜትር እንራቅ? የጎርጎራ ጀልባ ክርክር

ባለጀልባው፦
እሑድ ዕለት ጎንደር ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የጀመርነውን ሙግት ሳንጨርስ ተበተንን። እዚህ ልቀጥለው። ለማታውቁኝ፣ ቤተሰባችን ጣና ሐይቅ ዳር፣ ጎርጎራ ላይ ሁለት ጀልባ አለው። አባቴ የጀመረው ነው፤ አሁን የያዝነው እኔና እህቴ ነን። እንግዳ ወደ ማንዳባ ገዳም እናሻግራለን፣ የጥንቱ ፍርስራሽ ማርያም ግምብ እናደርሳለን። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ሰው ግን ገና ከመኪና ሳይወርድ «ጉማሬ አለ ወይ?» ነው የሚለው።

እኔ የምለው ይኸውላችሁ። ከጉማሬ 50 ሜትር ርቀን ሞተር እናጥፋ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ እንግዳ ይዘን ወደ መገጭ ወንዝ አፍ አንግባ፤ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወደ ወንዙ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ይህ በየሰዉ ፈቃድ የሚተው ሳይሆን ጀልባ ያለው ሁሉ የሚገደድበት ደንብ ይሁን። ምን ትላላችሁ?

የአዘዞ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እንግዳው የታለና? በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ጀልባችሁ ታስሮ እየዋለ አንተ ደንብ ታወራለህ። ቤንዚን በጀሪካን ከጥቁር ገበያ ለሚገዛ ሰው «ራቅ፣ አጥፋ፣ አትግባ» ማለት ቀልድ ነው።

ሌላም አለ። ደንብ ሲወጣ ፈቃድ ይከተላል። ፈቃድ ሲመጣ ቢሮ መመላለስ ነው። መጨረሻ ላይ ፈቃዱ የሚደርሰው ትልቅ ጀልባ ላለው ባለሀብት ነው። ገበታ ለሀገር ጎርጎራን ካሰማመረው ወዲህ ዓይኑን የጣለበት ብዙ ነው። ራስህ በጮህክለት ደንብ ራስህ እንዳትወጣ!

አስጎብኚዋ፦
ሁለታችሁም ዋናውን አልነካችሁትም። ጣጣው ሜትሩ አይደለም፣ ጉርሻው ነው።

አንድ ቀን አምስት እንግዶች ይዤ ወጣሁ። የእናንተ ጀልባ አልነበረም፤ የማን እንደነበር ይቅር። ነጂው ጥሩ ርቀት ላይ አቆመ። ውሃው ላይ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ይታያል። አንደኛው እንግዳ ስልኩን ዘርግቶ «ትንሽ ቀረብ በል» አለ። ነጂው ዝም። ሰውየው ከኪሱ ብር አወጣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አላውለበለበም፣ አልተናገረም። እንዲሁ አስቀመጠው። ሞተሩ ተነሳ።

ከመንጋው መሃል ግልገል የያዘች ነበረች። ጠለቀች። ጉማሬ አንዴ ከጠለቀ አምስት ደቂቃ ያህል መቆየት ይችላል፤ በየት በኩል እንደሚወጣ አታውቅም። ከዚያ የጀልባው ሆድ «ዷ!» አለ። ሁላችንም ወለሉ ላይ ተዘርረን ተገኘን። አልተገለበጥንም፣ እመብርሃን ትመስገን።

ታዲያ ነጂው ክፉ ሰው ነው? አይደለም። የቀን ክፍያው ከንቱ ነው፤ ቀኑን የምትሞላለት ያቺ ጉርሻ ናት። ሐይቁ መሃል ደንብ አስከባሪ የለም። ያለው ብሩ ነው።

ባሕር ማዶ ያለሁት፦
እዚህ ኒውዚላንድ ካይኩራ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። ሰው የሚሄድባት ዓሣ ነባሪ ለማየት ነው። ሥራውን እንደ ፈረንጅ በ1987 የጀመሩት የአገሬው ተወላጅ ማኦሪዎች ናቸው፤ አራት ቤተሰብ ቤቱን አስይዞ ተበደረ። ከ1992 ጀምሮ ደግሞ ጥብቅ ሕግ አለ። ከዓሣ ነባሪ ከ50 ሜትር በታች አይቀረብም። ግልገል ካላት 200 ሜትር ነው። በ300 ሜትር ውስጥም ከሦስት በላይ ጀልባ አይቆምም። የጀመሩት ድርጅት ግን ዛሬም አለ። ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ከተመለሱ ከዋጋው 80 በመቶውን ለእንግዳው ይመልሳሉ። የአዘዞው ልጅ ደንብ ቤተሰብን ይገፋል ያልከው ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

አስጎብኚዋ፦
ገንዘብ መመለሱን እዚህ እንዳታመጣው! ሁለት ጀልባ ያለው ሰው ብር መልስ ከተባለ «ቅረብ» የሚለው ራሱ ባለቤቱ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ስለ ሞተሩ ማንም አላነሳም። ቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያቃጥለው። ያልተቃጠለው ከጭሱ ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል። 50 ሜትር ርቃችሁ ብታቆሙም ዘይቱ ይቀራል። እምቦጩስ? ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሰሜን ምሥራቁን ዳር ሲያለብሰው ዓይናችን እያየ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዘገበ ብለን ጨፈርን። አረሙ መዝገብ አያነብም።

ባለጀልባው፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። እምቦጩ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን አንስተን በቢላ እንቆርጠዋለን። የቆረጥነውን ድሮ እዚያው ውሃው ላይ ነበር የምንጥለው። ዘርተነዋል ማለት ነው! እህቴ ናት ያስቆመችን። አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘነው ወጥተን ፀሐይ ላይ እናደርቀዋለን። ዘይት ከቤንዚን የማይቀላቅለውን ፎር ስትሮክ ሞተር ለመግዛት ግን አልዋሽዎትም፣ አቅሙ የለንም።

የደንቢያው አስጋሪ፦
እኔ አርሳለሁም፣ አሰግራለሁም። ጉማሬ ለእናንተ ፎቶ ነው። ለእኔ ሌሊት ወጥቶ ሽምብራዬን የሚግጥ ነው። ስለዚህ «አትረብሹት» ስትሉኝ ትንሽ ይስቀኛል።

የመገጭን አፍ ግን አውቀዋለሁ። ዓሣውን የጨረሰው የእንግዳ ጀልባ አይደለም። እኛ ነን፣ መረብ ነው። ዓሣው በክረምት እንቁላሉን ይዞ ወደ ወንዝ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። አጥኚዎች እንደነገሩን፣ በፈረንጅ 1990ዎቹ ውስጥ ነጭ ዓሣ በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። አባቴ ሳያነብም ያውቀው ነበር። እናንተ ሦስት ወር አልገባም ብትሉ ማለፊያ ነው፤ መረቡ እዚያው ካለ ግን ለዓሣው ምን ተረፈው? እኔስ መረቤን ካነሳሁ ነሐሴን ምን ልብላ?

ባለጀልባው፦
ይህኛው መልስ የለኝም። ሦስቱን ወር መረብ ከሚያነሳ ሰው ጋር ተነጋግረን፣ በጥቅምት እንግዳ ሲመጣ በታንኳ የሚያዞረው እሱ ይሁን ብዬ አስቤያለሁ። እንግዳ ደንገል ታንኳ ሲያይ ዓይኑ ይበራል፤ ሞተርም የለው። ግን ነሐሴን አይሸፍንም፣ አውቃለሁ።

የጉርሻው ነገር ግን ገብቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ የኛ ጀልባ ላይ ለነጂ በእጅ የሚሰጥ ብር የለም። ቀን ክፍያውን ከፍ እናደርጋለን። እንግዳ መስጠት ከፈለገ ወደቡ ላይ ሣጥን አለ፤ ከጉዞው በኋላ ይጨምር። በወሩ መጨረሻ ለነጂዎቹ እኩል ይከፋፈላል፣ የቀረበም የራቀም።

የአዘዞ ልጅ፦
ሣጥን? በወር መጨረሻ? ኧረ ተው! ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው?

ባለጀልባው፦
እህቴ።

የአዘዞ ልጅ፦
እ... እሷ ከያዘችው ይሁን። ለአጎቴም ልንገረው፣ አንድ ጀልባ አለው። ደንቡን ግን አሁንም አልፈርምም።