ኢቨንት ካሜራ በሻክ-ሃርትማን፦ ከሰዓት በኋላ ነጥቦቹ ወደ መሃል ይሳባሉ

ጤና ይስጥልኝ። በአዳፕቲቭ ኦፕቲክስ (አየር ያዛባውን ብርሃን ለክቶ በማስተካከል) ላይ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር አሳዩኝ።

635 ናኖሜትር ዳዮድ ሌዘር ድሬዳዋ ደቻቱ ዳር ባለ ግቢ፣ በጋለ ሲሚንቶ ላይ 80 ሜትር ይጓዛል፤ ከዚያ 150 ማይክሮን ስፋት ያላቸው ጥቃቅን ሌንሶች፣ ትኩረታቸው ላይ ኢቨንት ካሜራ። ሻክ-ሃርትማን የሚባለው መለኪያ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ሌንስ በየራሱ መስኮት (በተመደበለት የካሜራው ክፍል) አንድ ነጥብ ይሠራል፤ የነጥቡ አማካይ ቦታ ከመሃል መራቁ የብርሃኑን መዛባት ይነግረኛል። ካሜራው ብርሃን ሲለወጥ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ነጥቡ ከቆመ ዝም ይላል። ስለዚህ ሌዘሩን በ500 ኸርዝ አበራና አጠፋዋለሁ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግሩም ይሠራል።

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ግን ሌዘሩ የሚያልፍበትን የአየር መስመር ከንፋስ ዘግቼ እንኳ እያንዳንዱ ነጥብ ወደየመስኮቱ መሃል ይሳባል። ክዳኑን ገጥሜ ሳየው ካሜራው ብቻውን ይተፋል፤ የሚተፋውም ከሞላ ጎደል ሁሉም የ«ጨመረ» ምልክት ነው። ይህ ከሙቀት ጋር የሚያድገው የፒክስል ልቀት (ፒክስሉ ውስጥ ሾልኮ የሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው የሐሰት ምልክት) ነው፤ መስኮቱን እኩል ስለሚሞላ አማካዩን ወደ መሃል ይጎትተዋል።

የ«ጨመረ»ን ገደብ ከፍ ሳደርግ ጫጫታው ይቀንሳል፣ የነጥቡ ደብዛዛ ጠርዝም አብሮ ይጠፋል። የ«ቀነሰ»ን ብቻ ብወስድ፣ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ያ ምልክት የሚወጣው ከኋላው ስለሆነ ልኬቱ ይዘገያል ብዬ እሰጋለሁ።

አሁን ያሰብኩት ሌዘሩ ከበራ በኋላ ያሉትን 200 ማይክሮሰከንድ ብቻ መቀበል ነው። ዑደቱ 2000 ስለሆነ ጫጫታው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ደብዛዛ ፒክስሎች ግን ዘግይተው ነው የሚመልሱት፤ በሩን (የምቀበልበትን የጊዜ ርዝመት) በምን ለክቼ ልወስን? ወይስ ከካሜራው ጀርባ ፔልቲየር ማቀዝቀዣ ለጥፌ ሙቀቱን ማስተካከሉ ይቀድማል?